በሰርጉ መሃል የተነገረ መርዶ

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ከመሥሪያ ቤቴ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ብቻ ነው። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ያለው ኤርፖርት ውስጥ፣ የአንድ አየር መንገድ ቲኬት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በረራ ሲሰረዝ የተቆጣ ተሳፋሪ ፊት ቆሞ የሚናገረው እኔ ነኝ። ከባንኮኒው ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ሽማግሌ ሲናገር አንገቴን እደፋለሁ፣ የማልስማማበትንም ነገር "እሺ" እላለሁ። የከተማው ሐበሻ ሁሉ "ዮናስ ጨዋ ልጅ ነው" ይለኝ ነበር። እኔም ጨዋ መባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ በእኛ ሰፈርተኛ መካከል አንድ የተለየ ሥራ ነበረኝ። አገር ቤት ሰው ሲሞት፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለሟች ልጅ ወይም ወንድም ሳይሆን ለእኔ ነበር። እኛ ሰውን በስልክ እንደማናረዳ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ቅርብ ሰዎች ይጠራሉ፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ምስጢር ነው። ቲኬቱ ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት። ስለዚህ ቦታውን እይዝና፣ ያ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ቤተሰብ ሰላም ነው?" ብዬ እጨብጠዋለሁ።

እኔ ራሴ በዚሁ ወግ ያለፍኩ ነኝ። ናይሮቢ ለትምህርት በመጣሁበት ዓመት እናቴ ሞተች። "ትምህርቱ ይበላሽበታል" ተባለና ተደበቀብኝ። ስደውል "ጠበል ሄዳለች" ይሉኛል። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ሹራብ ገዝቼ በሰው ላክሁላት፤ ተቀበሉኝ። የሰማሁት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። "ለአንተ ብለን ነው" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር፣ ለእኔ ብለው ነው። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ።

ጠዋት ሸሚዜን ስተኩስ ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ። ጋሽ ታደሰ የምግብ ቤት ባለቤትና የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ስንቱን ዘመድ የሌለው ቀብረዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህንን ከወዲሁ ያዙልኝ።

"ዮናስ፣ የሶስና አባት ሌሊቱን አርፈዋል" አሉኝ።

"ነፍስ ይማር" አልኩ። ሶስናን አውቃታለሁ። ጊጊሪ ሰፈር ካሉት የዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አስተርጓሚ ነች። ለአባቷ አንድ ልጅ ነች። ለዓመት ፈቃዷ ቲኬት ልትቆርጥ በመጣች ቁጥር ስለ አባቷ ሳታወራ አትሄድም።

"ነገ ከሰዓት በሚሄደው ላይ ለእሷና አብራት ለምትሄደው ለአልማዝ ቦታ ያዝ። ነገ ማለዳ እናረዳታለን።"

"ቀብሩ መቼ ነው ጋሼ?"

"ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ።"

"ታዲያ በከሰዓቱ ከሄደች አትደርስም እኮ።"

"ለሠልስቱ ትደርሳለች። ዛሬ የማርታ ሰርግ ነው፣ እሷ ደግሞ አንደኛ ሚዜ ነች። የሙሽራን ቀን በለቅሶ አናጠቁርም። የሶስና እናትም 'ልጄ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አደራ' ብላለች። በል ሆዴ ውስጥ ይደር በል።"

"እሺ" አልኩ።

መሥሪያ ቤት ደውዬ የነገውን አስያዝኩ። የዛሬ ማታውንም አስጠየቅኩ፤ ክፍት ቦታ ነበረው። በሶስና ስም አንድ ያዙልኝ አልኳቸው። ማንም አላዘዘኝም።

ሰርጉ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሰፊ ግቢ ባለው አንድ ቤት፣ ነጭ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ከቀትር በኋላ ስደርስ ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ደርቷል። ሶስና መሃል ላይ ነች። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚዜ ቀሚስ ለብሳለች፣ ትከሻዋ አያርፍም። ዙሪያውን ሳይ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፦ ሁሉም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እናቶች ሲስሟት ቶሎ አይለቋትም። አንዷ ታጎርሳታለች፣ ሌላዋ ጀርባዋን ታሻሻለች። አስተናጋጁ እንኳ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያያትም። እሷ ይህን ሁሉ ፍቅር ለሚዜነቷ የተሰጠ መስሏት ትስቃለች። ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳሁትም።

እያለከለከች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ዮናስዬ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ኔትወርክ ምን ሆኗል? ክሬዲት ስሞላ ዋልኩ። አባዬ አያነሳም፣ እማዬ አታነሳም። ማርታን በስልክ እንዲመርቅልኝ ነበር ያሰብኩት።"

ከኋላችን የተቀመጡት እትዬ አልማዝ ቀድመው መለሱላት። "ኔትወርክ ነው የኔ እናት። የዛሬው ደግሞ ባሰበት።" ይህን ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

"አይ፣ ቅዳሜ ከቤት አይወጣም እኮ" አለችና እንደገና ደወለች። ስልኩ ሲጠራ ይሰማኛል። አንስቶ የሚያናግራት እንደሌለ አውቃለሁ። አባቷ ተገንዘው ያሉበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው ስልኩን እያየ ዝም ብሏል።

ተነስቼ ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ የዛሬ ማታው አውሮፕላን ቦታ አለው። አሁን ብንነግራት ለቀብሩ ትደርሳለች።"

"ነግሬህ የለ?" አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "መርዶ በዚህ ሰዓት አይነገርም። በሰርግ ቤት ደግሞ ጭራሽ።"

"ወደ ጓዳ ወስደን በቀስታ..."

"ለቅሶ በቀስታ አለ እንዴ? ጨዋ ነህ ብዬ እኮ ነው ያመንኩህ።" ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩኝ። ጨዋ የምትለዋ ቃል ሥራዋን ሠራች። "ይቅርታ ጋሼ" ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። የከተማውን የመኪና መጨናነቅ አውቀዋለሁ፣ ባንኮኒያችን መቼ እንደሚዘጋም አውቃለሁ። ጊዜው እያለቀ ነበር። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ያ ሹራብም። በኋላ መቃብሯ ላይ ቆሜ ማልቀስ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ሁሉም አልቅሶ ጨርሶ፣ ወደ ኑሮው ተመልሶ፣ እኔ ብቻ አዲስ ነበርኩ።

በዚህ መካከል ሙዚቃው ቆመና ማይክሮፎን ለሶስና ተሰጣት። አንደኛ ሚዜ ስለሆነች ሙሽሮቹን ልትመርቅ ነው።

"ማርቲዬ" አለች፣ "እኔ መራቂ አይደለሁም። የሚመርቀው አባዬ ነበር፣ ዛሬ ግን ስልኩን ጥሎት ሄዷል መሰለኝ።" እሷ ሳቀች። ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። "እስክስታ ያስተማረኝ እሱ ነው። 'ያንቺ ሰርግ ቀን ከሙሽራው ቀድሜ እኔ ነኝ የምጨፍረው' ይለኛል። እና ማርቲ፣ እንደ እሱ ያለ ደግ አባት ለልጆችሽ..."

አንዲት ሴት ሳግ አመለጣት። ሌላዋ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዞረች። ሶስና ቃሏ ነክቷቸው መስሏት በፈገግታ ጠበቀቻቸው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ተነሳሁ። በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። መጥፎ ወሬ ለብዙ ሰው ሲነገር መጀመሪያ ክፉውን በግልጽ ትናገራለህ፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ትናገራለህ። መሃል ላይ አትለማመጥም። ስለዚህ ራሴን "አሁን ባንኮኒ ላይ ነህ" አልኩት። ክራቫቴን አስተካከልኩ፣ ትከሻዬን ቀና አደረግኩ፣ መራመድ ጀመርኩ። አስቤ የነበረው እጇን ይዤ ከድንኳኑ ላወጣትና ውጪ ልነግራት ነበር።

ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጋሽ ታደሰ ከፊቴ ቆሙ።

"ወዴት ነው?"

"ሶስናን ላናግራት።"

"ተመለስ!" አሉ። ይህን ያሉት ጮክ ብለው ነው። ሰው ሁሉ ዞረ።

ሶስና ማይክሮፎኑን እንደያዘች አየችን። "ምንድነው? ምን ሆናችሁ?" ድምፅዋ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ወጣ።

"ምንም አይደል ልጄ፣ ጠጥቶ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ኑ፣ አንዳችሁ አስወጡት።"

ሁለት ጎልማሶች ክንዴን ያዙኝ። በዚያች ቅጽበት ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሰካራም ተብዬ ብወጣ በማግስቱ ሁሉም ይረሳው ነበር፤ እኔም ጨዋነቴ ይመለስልኝ ነበር። ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉት ዓይኖች "ውጣ፣ አታበላሽብን" ይላሉ። ሶስና ግን ከእኔ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

"አልጠጣሁም" አልኩ። በራሴ ድምፅ ተገረምኩ፤ አልተንቀጠቀጠም። "ልቀቁኝ።" ለቀቁኝ። "ሶስና፣ አባትሽ ዛሬ ሌሊት አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዛሬ ማታ በሚሄደው አውሮፕላን ላይ በስምሽ ቦታ ይዤልሻለሁ። አሁን ከተነሳን ትደርሻለሽ።"

ማይክሮፎኑ ከእጇ ወድቆ ያሰማው ድምፅ ሰውን ሁሉ አስደነገጠ። ወዲያው ግን አልጮኸችም። ዞራ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች፣ እነሱም አንገታቸውን ደፉ። ያኔ እውነት መሆኑን ተረዳች። "አባዬ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አላስታውስም። "አረመኔ!" ያለኝ ሰው ነበር። የሙሽራዋ እናት "የልጄን ቀን አጠቆርክብኝ" እያለች ደረቷን ደቃች። ጋሽ ታደሰ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ዱላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ማርታ፣ ሙሽራዋ፣ እሷም አልተነገራትም ነበርና፣ ቬሎዋን ሰብስባ ሮጣ መጥታ ሶስናን አቀፈቻት። ወለሉ ላይ አብረው ተቀመጡ። ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ማርታ ቀና ብላ አየችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"መኪና አለህ?" አለችኝ።

"ታክሲ እጠራለሁ።"

"የኔን ውሰዱ። በር ላይ ነው ያለው።"

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ። "እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ለነገ ተዘጋጅቼ ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰው ብቻውን አያለቅስም" አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሲዋሿት የዋሉት እሳቸው፣ ከሁሉም ቀድመው የተነሱትም እሳቸው ነበሩ።

የሶስና ቤት እዚያው ኪሌሌሽዋ ነው፤ ደርሰን ፓስፖርቷንና አንድ ጥቁር ሻርፕ ይዛ ወጣች። ቀሚሷን አልቀየረችም። መኪናው በአበባና በሪባን የተሸለመ ነጭ የሙሽራ መኪና መሆኑን ልብ ያልነው ትልቁ መንገድ ላይ ስንወጣ ነው። አንድ ማታቱ፣ የከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ ከጎናችን ሆኖ ጥሩምባውን ነፋልን። ረዳቱ በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሃሩሲ! ሃሩሲ!" እያለ ያጨበጭባል፤ ሰርግ ነው ማለቱ ነው። ሌላ መኪናም ተከተለ። ተሳፋሪዎች በመስኮት እልል ይላሉ፣ ለሶስና እጃቸውን ያውለበልባሉ። እሷ በሻርፑ ፊቷን ሸፍና ተኮራመተች።

የመኪናው ሹፌር ካማው የሚባል ኬንያዊ ነው። ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገርኩት። የመንገዱን ዳር ያዘና ወረደ። አበባውን ነቃቀለ፣ ሪባኑን በጣጠሰ፣ ሰብስቦ የኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ከተተ። ተመልሶ ሲገባ ወደ ኋላ ዞሮ "ፖሌ ሳና ዳዳ" አላት፤ በጣም አዝናለሁ እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልነፋብንም።

መንገዱ ሲቆም ሲሄድ፣ ሶስና ሻርፑን ሳትገልጥ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው የሰማችሁት?"

"ጠዋት።"

"ሁላችሁም?"

"አብዛኛው ሰው።"

"ስጨፍር ታዩኝ ነበር።"

"አዎ።"

"አንተም።"

"እኔም።"

ከዚያ በኋላ እስከ ኢምባካሲ ድረስ ፊቷን ከሻርፑ አላወጣችም። እትዬ አልማዝ እጇን ይዘው ያለድምፅ ያለቅሳሉ። ባንኮኒው ሊዘጋ ሲል ደረስን። ባልደረቦቼ ፊታችንን አይተው ቶሎ አስተናገዱን፤ ለእትዬ አልማዝም ቦታ ተገኘ። ሶስና የይለፍ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ሳትሰናበተኝ፣ በዚያ ወይን ጠጅ ቀሚስ ውስጥ በሩን አልፋ ሄደች።

እኔ ተመልሼ የምሄድበት ሰርግ አልነበረኝም።

በማግስቱ ስሜ ተለወጠ። "ጨዋው ዮናስ" ቀርቶ "ሰርግ አፍራሹ" ሆንኩ። ማኅበሩ ጠርቶ ወቀሰኝ። የሙሽራዋን እናት ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቀኗን አጥቁሬባታለሁና እውነት ይገባታል። "ስለነገርካትም ይቅርታ ጠይቅ" ሲሉኝ ግን "አልጠይቅም" አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽማግሌ እንቢ ያልኩት ያኔ ነው። ጋሽ ታደሰ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሱኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንገናኝ በአጠገቤ እንደ ባዕድ ያልፋሉ። ይህ እንዴት እንደሚያም በሰው አገር የኖረ ያውቀዋል። እሑድ እሑድ ብቻዬን ምሳ የበላሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሶስና ከአርባው በኋላ ተመልሳ ባንኮኒዬ ላይ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ ነበር።

"ላመሰግንህ አልመጣሁም" አለችኝ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት... አሁንም ሌሊት ያባንነኛል።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ሳጥኑ ሳይዘጋ ደረስኩ። ፊቱን ሳምኩት። ቀዝቃዛ ነበር።" ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። "ይህን እንድታውቀው ብዬ ነው።" ብላ ሄደች።

አንባቢዎቼ፣ ወጋችንን ልነቅፍ ይህን አልጻፍኩም። ማለዳ በር አንኳክቶ፣ ከብቦ፣ ደግፎ ማርዳት ትልቅ ርኅራኄ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ርኅራኄ ከሰውየው ሐዘን ይልቅ የእኛን ድግስ፣ የእኛን ምቾት መጠበቅ ሲጀምር ነው። እናንተም በይሉኝታ የዋጣችሁት አንድ ቃል ይኖራችኋል። ካወጣችሁት የምትከፍሉት አለ፣ አልዋሻችሁም። እኔ ከፍያለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በባንኮኒው ጀርባና በባንኮኒው ፊት ያለሁት አንድ ሰው ነኝ፤ ማታ ስተኛም በራሴ አላፍርም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ረፋድ ከማኅበሩ ተደወለልኝ። የጋሽ ታደሰ ታናሽ ወንድም ሌሊቱን አዲስ አበባ አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ ለነገ ማታ ቦታ ያዝ፣ ነገ ማለዳ እናረዳቸዋለን ተባልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ከፊቴ ቆመዋል። ዱላቸውን ተደግፈዋል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ያልተነፈሱኝ ሰው።

"ወንድሜ ስልክ አያነሳም" አሉ። "ልጆቹ 'ተኝቷል' ይሉኛል። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ቤቴ የገባ ሁሉ ትከሻዬን ስሞ ይሄዳል። ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ ዮናስ፤ ሲሠራብኝ አይጠፋኝም። የሚነግረኝ ግን አጣሁ።"

ከባንኮኒው ጀርባ ወጣሁ። ተሳፋሪዎች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ወንድምዎ ሌሊቱን አርፈዋል" አልኳቸው። "ዛሬ ከሄዱ ለቀብሩ ይደርሳሉ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻንጣ የሚጎትተው ሰው ሁሉ እያየን፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። እጃቸውን ይዤ ቆየሁ። ሲበርድላቸው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ።

"ሞምባሳ ያለችው ልጄ አጎቷ ነፍሷ ነበር" አሉ። "ዛሬውኑ ትስማ። እኔ አልችልበትም፣ አንተ ንገርልኝ።"

ቁጥሯን መትተው ስልኩን አቀበሉኝ።